የጓሮ ብርቱካን ቅጠልና ፍሬ ነጠብጣብ በሽታ፦ አለያየቱ፣ አከላከሉና ድጋፍ የሚገኝበት መንገድ

በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ከቡናና ከእንሰት መካከል ወይም ከቤት ጀርባ የሚገኙ ጥቂት የብርቱካን፣ የመንደሪንና የሎሚ ዛፎች ለቤተሰብ ፍሬ፣ ለገበያ ደግሞ መጠነኛ ገቢ ይሰጣሉ። አንድ የብርቱካን ዛፍ ተተክሎ ለፍሬ እስኪበቃ ዓመታት ይወስዳል። በመሆኑም ዛፉ ቅጠሉን ማራገፍና ፍሬውን ሳያደርስ መጣል ሲጀምር ባለቤቱ የሚያጣው የአንድ ወቅት ምርት ብቻ ሳይሆን የዓመታት ድካሙን ጭምር ነው።

ዝናብ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ የቅጠልና የፍሬ ነጠብጣብ በሽታ ነው። በሽታው የሚታየው በዛፉ ላይ ቢሆንም መሬት ላይ በወደቀው ቅጠል ውስጥም ይቆያል፤ ወደ ሩቅ ቦታም በሰው እጅ ጭምር ይሄዳል። ስለዚህ መከላከሉ ከመድኃኒት ግዢ በፊት ከጓሮ ጽዳትና ከችግኝ ጥንቃቄ ይጀምራል። ይህ ጽሑፍ በሽታው እንዴት እንደሚለይ፣ እያንዳንዱ ባለ ጓሮ በራሱ አቅም ምን ማድረግ እንደሚችልና የባለሙያ ድጋፍ ሲያስፈልግ ወዴት መሄድ እንዳለበት ያብራራል።

በሽታው ምንድን ነው?

የቅጠልና የፍሬ ነጠብጣብ በሽታ የሚከሰተው ሱዶሰርኮስፖራ አንጎሌንሲስ በተባለ ፈንገስ አማካይነት ነው። ፈንገሱ ስያሜውን ያገኘው ከአንጎላ ሲሆን፣ በሽታው በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአንጎላና በሞዛምቢክ መኖሩ ከታወቀ በኋላ ከሰሐራ በታች ባሉ በርካታ የአፍሪካ አገሮችና በየመን ታይቷል። ወደ አገራችን ከገባም አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። በተለይ በደቡብ፣ በደቡብ ምዕራብና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ዝናብና እርጥበት በሚበዛባቸው ቦታዎች ጉዳት ያደርሳል።

ፈንገሱ የሚያጠቃው የግብርና ባለሙያዎች በአንድነት ሲትረስ ብለው የሚጠሯቸውን የብርቱካንና የሎሚ ወገን ተክሎች ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም በእኩል ደረጃ አይጠቁም። ብርቱካን፣ ግሬፕ ፍሩትና መንደሪን በቀላሉ ሲጠቁ፣ ሎሚ ከእነዚህ የተሻለ የመቋቋም አቅም ያሳያል። ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያና ሙዝ ከዚህ ወገን ስላልሆኑ በበሽታው አይያዙም።

በሽታው የተክል እንጂ የሰው በሽታ አይደለም። ጉዳቱ ፍሬው ሳይደርስ መርገፉ፣ የቀረውም መልኩ ተበላሽቶ ገዢ ማጣቱ ነው። ከዚህም በላይ በሽታው በሌለባቸው አገሮች በኳራንቲን ቁጥጥር ሥር የሚገኝ በመሆኑ፣ የታየበት አካባቢ ፍሬ ወደ ውጭ ገበያ ለመግባት ጥብቅ ምርመራ ይጠብቀዋል።

እንዴት ይታወቃል?

በሽታውን በወቅቱ ለመለየት ዛፉን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በዝናብ ወቅት ደግሞ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። በምርመራው ወቅት የቅጠሉን ላይኛ ገጽ ብቻ ሳይሆን የታችኛውን ገጽ ገልብጦ ማየት ተገቢ ነው።

በቅጠል ላይ፦ መጀመሪያ ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ። እነዚህ ነጥቦች እየሰፉ ክብ ቅርጽ ይይዛሉ፤ ስፋታቸውም እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የነጥቡ መሐል ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ፣ ጠርዙ ጠቆር ያለ ቡናማ ሲሆን፣ ዙሪያውን ቢጫ ቀለበት ይከበዋል። ነጥቦቹ ሲበዙና ሲገናኙ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል።

በፍሬ ላይ፦ በለጋ ፍሬ ላይ በቢጫ ቀለበት የተከበበ ኪንታሮት መሰል እብጠት ይወጣል። በተለቅ ባለ ፍሬ ላይ ደግሞ ቡናማ፣ ክብ ወይም ቅርጽ የለሽ ጠባሳ ይታያል። ጉዳቱ የበዛበት ለጋ ፍሬ ይረግፋል ወይም በዛፉ ላይ እንዳለ ይደርቃል።

በለጋ ቅርንጫፍ ላይ፦ አንዳንድ ጊዜ ተመሳሳይ ቁስል በለጋ ቅርንጫፎች ላይ ይወጣል፤ ቅርንጫፉም ከጫፉ ጀምሮ ሊደርቅ ይችላል።

ከበሽታው ጋር የሚምታቱ ችግሮች

የብርቱካን ቅጠል ቢጫ በሆነ ቁጥር ምክንያቱ ይህ በሽታ ነው ማለት አይደለም። ሌላ ችግርን በዚህ በሽታ ስም ማከም ገንዘብንና ጊዜን ያባክናል፤ ትክክለኛው ችግርም እንዲባባስ ያደርጋል። ስለዚህ የሚከተሉትን ልዩነቶች ማወቅ ይጠቅማል።

የንጥረ ነገር እጥረት፦ የቅጠሉ ሥሮች አረንጓዴ እንደሆኑ በመካከላቸው ያለው ክፍል ቢጫ ይሆናል። ክብ ቁስል የለውም። ተመሳሳይ ዕድሜ ባላቸው ቅጠሎች ላይ ወጥ በሆነ መልኩ ይታያል።

ቅጠል ሰርሳሪ ነፍሳት፦ በለጋ ቅጠል ላይ የተጠማዘዘ፣ ብርማ መልክ ያለው መስመር ይተዋሉ። ቅጠሉም ይጨማደዳል።

ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብና ስኬል ነፍሳት፦ የተክሉን ፈሳሽ መጥጠው የሚያጣብቅ ነገር ይተዋሉ። በዚህ ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ሽፋን ይበቅላል፤ ሽፋኑ በጣት ሲታሽ ይለቃል። የነጠብጣብ በሽታ ቁስል ግን በጣት አይለቅም።

የግንድና የሥር መበስበስ፦ ዛፉ በሙሉ ይጠወልጋል፤ በግንዱ ታችኛ ክፍል ላይም ሙጫ ይፈስሳል። ብዙውን ጊዜ ውኃ በግንዱ ዙሪያ ከመተኛቱ ጋር የተያያዘ ነው።

ግሪኒንግ፦ በባክቴሪያ የሚመጣ ከባድ በሽታ ሲሆን በሰሜን ኢትዮጵያ መኖሩ ተረጋግጧል። በቅጠሉ ግራና ቀኝ ተመሳሳይነት የሌለው የቢጫና የአረንጓዴ ዝንጉርጉር መልክ ይታያል፤ ፍሬውም ትንሽና የተጣመመ ይሆናል። ይህ በሽታ አንድ ጊዜ ከያዘ ዛፉን የሚያድን መድኃኒት ስለሌለው፣ ምልክቱን ያየ ሰው ሳይዘገይ ለግብርና ባለሙያ ማሳወቅ አለበት።

እንዴት ይዛመታል?

ፈንገሱ በቁስሉ ላይ፣ በተለይም በቅጠሉ የታችኛ ገጽ፣ በዓይን የማይለዩ ዘር መሰል ብናኞችን ያፈራል። እነዚህ ብናኞች በነፋስ ወደ አጎራባች ዛፎች ይሄዳሉ፤ በዝናብ ጠብታ ደግሞ ከላይኛው ቅጠል ወደ ታችኛው ይረጫሉ። ረዘም ያለ እርጥበትና ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚሆን መጠነኛ ሙቀት ሲገጣጠሙ በሽታው በፍጥነት ይስፋፋል። ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር የሚገኝና ሳይገረዝ የቆየ ዛፍ ቅጠሉ ከዝናብ በኋላ ቶሎ ስለማይደርቅ ይበልጥ ይጋለጣል።

ወደ ሩቅ ቦታ በሚደረገው ዝውውር ከነፋስ በተጨማሪ የሰው ሥራም ድርሻ አለው። የታመመ ችግኝ ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላው ሲወሰድ፣ ፍሬ ከነቅጠሉ ተለቅሞ ወደ ገበያ ሲጫን፣ ወይም በቅጠል የተሸፈነ ቅርጫት ከአካባቢ ወደ አካባቢ ሲጓጓዝ በሽታው አብሮ ይሄዳል። በሽታው ወዳልደረሰበት አካባቢ የገባ አንድ የታመመ ችግኝ የአንድን መንደር ዛፎች ሁሉ ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

የጓሮ ጽዳት የመጀመሪያው እርምጃ ነው

በሽታው በጓሮ ውስጥ መኖሩ ሲታወቅ ቅድሚያ የሚሰጠው ተግባር የወደቁ ቅጠሎችንና ፍሬዎችን መሰብሰብ ነው። ከዛፉ ሥር የተኛው የታመመ ቅጠል ካልተነሣ ለሚቀጥለው ዝናብ የበሽታ ምንጭ ሆኖ ይቆያል። አፈጻጸሙም እንደሚከተለው ነው።

1. በዛፉ ሥርና ዙሪያ የወደቁ ቅጠሎችና ፍሬዎች በሙሉ ይለቀማሉ። በዝናብ ወቅት ይህ ተግባር ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይደገማል።

2. በዛፉ ላይ የቀሩ ቁስል የበዛባቸው ፍሬዎች፣ የደረቁና የታመሙ ቅርንጫፎች ይነሣሉ። ሥራው ቅጠሉ በደረቀበት ሰዓት ቢከናወን ይመረጣል፤ እርጥብ ቅጠልን መነካካት በሽታውን ከቅጠል ወደ ቅጠል ያሸጋግራል።

3. የተሰበሰበው ሁሉ ከቤትና ከደረቅ ሣር ርቆ ይቃጠላል፤ ማቃጠል በማይቻልበት ቦታ ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይቀበራል። ወደ ብስባሽ ጉድጓድ መጨመር፣ በአጥር ላይ መጣል ወይም ለከብት መኝታ ማንጠፍ አይገባም።

4. የመግረዣ መቀስና መጋዝ ከአንድ ዛፍ ወደ ሌላው ከመሄዳቸው በፊት በሳሙናና በውኃ ታጥበው በበረኪና ወይም በአልኮል ይጠረጋሉ።

ዛፍን ለመግረዝ ተስማሚው ጊዜ ደረቁ ወቅት ነው። የመግረዙ ዓላማ ብርሃንና ነፋስ በዛፉ መሐል እንዲያልፍ ማድረግ ነው። እርስ በርስ የሚተሻሹ፣ ወደ ውስጥ የሚያድጉና መሬት የሚነኩ ቅርንጫፎች ይነሣሉ። በላዩ የሚያጠላ ሌላ ዛፍ ካለም ጥላው ይቀነሳል። በደረቁ ወቅት ውኃ የሚጠጣ ዛፍ ከላይ በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በሥሩ ዙሪያ ሊጠጣ ይገባል፤ ውኃው ግን ግንዱን ነክቶ መተኛት የለበትም። በቂ ብስባሽ ያገኘ ዛፍ በሽታውን ሙሉ በሙሉ ባይከላከልም የረገፈውን ቅጠል ለመተካት የተሻለ አቅም ይኖረዋል።

ይህ ተግባር የሚሳካው ጎረቤታሞች አንድ ላይ ሲያከናውኑት ነው። አንዱ ጓሮውን አጽድቶ የአጥር አጎራባቹ ቢተወው፣ በነፋስ የሚመጣው ብናኝ የጸዳውን ጓሮ መልሶ ይበክለዋል። ስለዚህ ጓሮዎቻቸው የሚዋሰኑ ቤተሰቦች ከዝናቡ በፊት አንድ ቀን ወስነው፣ እንደ ሌሎች የጋራ ሥራዎች ሁሉ በደቦ ቢያጸዱ ውጤቱ የተሻለ ይሆናል።

ፀረ ፈንገስ መድኃኒት መቼና እንዴት?

ጽዳቱና መግረዙ ተከናውኖ በሽታው ካልቀነሰ፣ ወይም አካባቢው በከፍተኛ ደረጃ የተጠቃ ከሆነ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል። ለዚህ በሽታ መዳብ ያለባቸውና ማንኮዜብ የተባለውን ንጥረ ነገር የያዙ መድኃኒቶች ጥቅም ላይ ይውላሉ። እነዚህ መድኃኒቶች በዋናነት ተከላካይ ናቸው። ጤነኛውን ቅጠልና ፍሬ ሸፍነው ብናኙ እንዳይበቅል ያደርጋሉ እንጂ የቆሰለውን ቅጠል አያድኑም። ስለዚህ ጠቃሚው ጊዜ ዝናቡ ሲጀምርና አዲስ ቅጠልና ለጋ ፍሬ በሚወጣበት ወቅት ነው። በሽታው ቅጠሉን ካራገፈ በኋላ የሚደረግ ርጭት ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

ለነፍሳት የተዘጋጀ መድኃኒት ፈንገስን አይገድልም። ለተምች ወይም ለእህል ተባይ ተገዝቶ የተረፈ ማላታይን በብርቱካን ዛፍ ላይ መርጨት በሽታውን ሳይነካ በአካባቢው ያሉ ንቦችንና ጠቃሚ ነፍሳትን ይገድላል፤ በፍሬው ላይ በሚቀረው መርዝም ተመጋቢውን፣ በተለይም ሕፃናትን፣ ለጉዳት ያጋልጣል።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ ተባዮች በአገር ውስጥ ጥቅም ላይ ከመዋላቸው በፊት እንዲመዘገቡ የደነገገው ለዚሁ ጥንቃቄ ነው። በመሆኑም መድኃኒት የሚገዛ ሰው የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

• መድኃኒቱ ፈቃድ ካለው ሻጭ፣ ባልተከፈተ የፋብሪካ ዕቃ መገዛት አለበት። በውኃ ፕላስቲክ ተገልብጦ ወይም በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ መድኃኒት ምንነቱም ሆነ መጠኑ ስለማይታወቅ መግዛት አይገባም።

• በዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ ለሲትረስ የተፈቀደ መሆኑን፣ የአበጣበጡን መጠን፣ በርጭቶች መካከል የሚኖረውን የቀናት ልዩነት፣ እንዲሁም ከመጨረሻው ርጭት በኋላ ፍሬው ሳይለቀም የሚቆይበትን ጊዜ መግለጽ አለበት። ማንበብ ያልቻለ ሰው የግብርና ልማት ሠራተኛውን ሳይጠይቅ መጠቀም የለበትም።

• ርጭቱ ነፋስ በሌለበትና ንቦች በማይሠማሩበት ሰዓት ይከናወናል። የሚረጨው ሰው ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ቦት ጫማ መልበስ፣ ሲጨርስም ገላውንና ልብሱን መታጠብ አለበት። ሕፃናትና እንስሳት ከቦታው ይርቃሉ።

• ባዶ ዕቃው ለውኃ፣ ለዘይት ወይም ለእህል ማስቀመጫ አይውልም። መርጫውም በወንዝ ወይም በምንጭ ውስጥ አይታጠብም።

ችግኝና ፍሬ ሲዘዋወር የሚደረግ ጥንቃቄ

አዲስ ዛፍ ለመትከል ያሰበ ሰው ችግኙን ምንጩ ከሚታወቅ ችግኝ ጣቢያ ማግኘት ይኖርበታል። ከመረከቡ በፊትም የእያንዳንዱን ችግኝ ቅጠል ከላይና ከታች ማየት ይገባዋል። በቢጫ ቀለበት የተከበበ ነጥብ ያለበት ችግኝ በስጦታ ቢሰጥ እንኳ መቀበል አይመከርም። የተተከለ አዲስ ችግኝም ለተወሰኑ ወራት በተለየ ትኩረት ሊታይ ይገባል።

በሽታው ካለበት አካባቢ ችግኝ፣ ለማዳቀያ የሚሆን ቅርንጫፍ ወይም ቅጠል ወደ ሌላ አካባቢ መውሰድ አይገባም። ፍሬ ለገበያም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ሲላክ ቅጠሉና ግንጣዩ ተለይቶ፣ ቁስል ያለበት ፍሬ ተመርጦ ወጥቶ ሊሆን ይገባል። ይህ ጥንቃቄ ለላኪው ተጨማሪ ሥራ ቢመስልም በሽታው ያልደረሰባቸውን አካባቢዎች ለመጠበቅ ከሁሉ የላቀ ድርሻ አለው።

የባለሙያ ድጋፍ የሚገኝበት መንገድ

በሽታውን ለመለየት የተቸገረ ወይም የወሰደው እርምጃ ውጤት ያላመጣለት ነዋሪ በመጀመሪያ የሚያነጋግረው በቀበሌው የተመደበውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ነው። በከተማ የሚኖር ባለ ጓሮ ደግሞ በክፍለ ከተማው ወይም በከተማ አስተዳደሩ የሚገኘውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላል። ጉዳዩ ከልማት ሠራተኛው አቅም በላይ ከሆነ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ ዕፅዋት ጤና ክሊኒክ ወይም ወደ ግብርና ምርምር ማዕከል ይመራል። በአገር ደረጃ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በፍራፍሬ፣ የአምቦ ግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ በዕፅዋት ጥበቃ የረጅም ጊዜ ልምድ አላቸው። አጠቃላይ የግብርና ምክር ለሚፈልጉም በ8028 ያለ ክፍያ የሚሰጠው የአርሶ አደሮች የስልክ መረጃ አገልግሎት አለ።

ባለሙያው ፈጣን መልስ እንዲሰጥ ጠያቂው የሚከተሉትን መረጃዎች ይዞ ቢቀርብ ይመረጣል፦ የዛፉን ዓይነትና ግምታዊ ዕድሜ፣ ችግኙ የመጣበትን ቦታ፣ ምልክቱ መጀመሪያ የታየበትን ወር፣ በጎረቤት ዛፎች ላይ መታየት አለመታየቱን፣ እንዲሁም እስካሁን የተረጨ መድኃኒት ካለ ስሙን ወይም ዕቃውን።

የታመመውን ቅጠል ይዞ ከመንቀሳቀስ ይልቅ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ይቀድማል። ፎቶግራፉ የቅጠሉን ሁለት ገጾች፣ ፍሬውንና ሙሉውን ዛፍ ቢያሳይ በቂ መረጃ ይሰጣል። ባለሙያው ናሙና ከጠየቀ ምልክቱ የጀመረባቸውና የጠናባቸው ጥቂት ቅጠሎች በደረቅ ወረቀት ተጠቅልለው በታሸገ ፖስታ ይወሰዳሉ። በላስቲክ የታሰረ እርጥብ ቅጠል በመንገድ ስለሚበሰብስ ለምርመራ አይሆንም። ከምርመራው በኋላም ናሙናው እንዲቃጠል ማሳሰብ ተገቢ ነው።

ምን ውጤት ይጠበቃል?

የብርቱካን ዛፍ ቅጠሉን በአንድ ጊዜ የሚያራግፍ አይደለም፤ አንድ ቅጠል ከዓመት በላይ በዛፉ ላይ ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም ጽዳቱ በሚገባ ቢከናወንም የቆዩት ቅጠሎች ቁስላቸውን ይዘው ይታያሉ። መሻሻሉ የሚመዘነው በአሮጌው ሳይሆን በአዲስ በሚወጣው ቅጠልና በሚቀጥለው ለጋ ፍሬ ነው። አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ሆኖ ከወጣና የሚረግፈው ፍሬ ከቀነሰ እርምጃው ውጤት እያመጣ ነው ማለት ይቻላል። ይህንን ለማየት አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት መጠበቅ ስለሚያስፈልግ፣ በጥቂት ሳምንታት ለውጥ አልታየም ብሎ መድኃኒት መደራረብም ሆነ ዛፉን ለመቁረጥ መቸኮል አይገባም።

ዛፉ ካረጀና አብዛኛው ቅርንጫፉ ከደረቀ ግን በባለሙያ ታይቶ እንዲወገድ ሊወሰን ይችላል። በዚህ ጊዜ በቦታው አቮካዶ፣ ማንጎ ወይም ለአካባቢው አየር የሚስማማ ሌላ ፍራፍሬ መትከል የበሽታውን ምንጭ ከጓሮው ለማስወገድ ይረዳል።

የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ያሉት ደረቅ ሳምንታት ለዚህ ሁሉ ሥራ አመቺ ናቸው። በእነዚህ ሳምንታት ከዛፉ ሥር የተጠረገው ቅጠል ዝናቡ ሲመጣ በሽታን አያሰራጭም፤ የሚፈልገውም መጥረጊያ፣ አካፋና የጥቂት ሰዓታት የቤተሰብ ጉልበት ብቻ ነው።